ሐረር ላይ የእራትና የትርኢት ምሽት፦ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ይታቀዳል?

አዲስ አበባ ውስጥ እራት በትርኢት ሲባል የምናውቀው የባህል ምግብ ቤት ነው። ማዕዱ ይቀርባል፣ ሙዚቃው ይጀምራል፣ እየበላን እስክስታ እናያለን። ሐረር ላይ ግን እራቱና ትርኢቱ ለየቅል ናቸው። ትርኢቱ አሮጌዋን ከተማ ከከበበው የጀጎል ግንብ ውጭ ነው፣ በጨለማ። ተዋናዮቹ ጅቦች ናቸው። እራቱ ደግሞ ግንቡ ውስጥ ነው፣ ያውም አንድ የሐረሪ ቤት መደብ ላይ ተቀምጣችሁ። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ባጃጅና የእናንተ እቅድ ብቻ ነው።

ብዙ እንግዳ ሐረር መጥቶ ጅቡን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሆቴሉ ተመልሶ ጥብስ በልቶ ይተኛል። አይቆጨውም፤ ምን እንደቀረበት አያውቅማ። እኔ ግን ስለ እነሱ ይቆጨኛል። ትንሽ ቀደም ብሎ ስልክ ቢደወል ኖሮ ያ ምሽት ሌላ ምሽት ይሆን ነበር። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው፦ እራቱን ጠዋት እዘዙ፣ ማታ ከትርኢቱ በኋላ ብሉት። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

1. ቀኑን ምረጡ

ጅቦቹ በዓል አይሉም፣ ጾም አይሉም፤ በየማታው ይመጣሉ። ቀን የሚመረጠው ለሰዎቹ ነው።

ረመዳን ላይ ከመጣችሁ ጀጎል ውስጥ ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ማታው ግን ደማቅ ነው። ሰዉ ካፈጠረ በኋላ ጎዳናው ይሞላል፣ ሳምቡሳውና ጣፋጩ ይደረደራል። ጅብ የሚያበላውም ሰው ጾመኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ትርኢቱ ከወትሮው ዘግየት ቢል አትቆጡ።

ዕድል ቀንቷችሁ የሸዋሊድ ሰሞን ከደረሳችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ሸዋሊድ ከረመዳን በኋላ ያሉት ስድስት የሸዋል ጾም ቀናት ሲያልቁ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከበሮው፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው፣ ዚክሩ (መንፈሳዊ ዜማው)፣ የሴቶቹ የሐር ልብስ ሁሉ በአንድ ላይ ይታያል። በእነዚያ ቀናት አልጋ ቶሎ ስለሚያልቅ ሳምንታት ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ሌላው የአሹራ ቀን ነው፣ የእስልምናው ዓመት የመጀመሪያ ወር የሙሐረም አሥረኛው ቀን። በዚያ ማታ ለጅቦቹ ሥጋ ሳይሆን ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ጅቦቹ ገንፎውን እንዴት እንደተቀበሉት ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይገመታል። ዛሬ እንግዳ የሚያየው ሥጋ የማብላት ትርኢት ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። የገንፎው ሥርዓት ግን ከዚያ የቀደመ ነው።

የክረምቱ ወራት ላይ ከሆነ መሬቱ ጭቃ ስለሚሆን ነጭ ጫማ ተዉት።

2. ሐረር እደሩ

ብዙ ሰው በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ይገባና ሐረርን ደርሶ መልስ ያደርጋታል። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀን ላይ ጥሩ መንገድ ነው፤ ደንገጎን ትወጣላችሁ፣ ሐረማያን አልፋችሁ፣ አወዳይን አቋርጣችሁ ትገባላችሁ። ማታ ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ መውረድ አያስፈልግም። እራቱም በሰዓት ተቆርጦ ይበላሻል። አልጋ ሐረር ያዙ።

ሌላም ምክንያት አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። ከድሬ በቲሸርት የወጣ ሰው ሐረር ላይ ማታ ይንቀጠቀጣል። ሹራብ ወይም ነጠላ ያዙ፤ ትርኢቱ ሜዳ ላይ ነውና።

3. ጠዋት፦ እራቱን እዘዙ

ይሄ ደረጃ ነው ምሽቱን የሚሠራው፣ የሚያፈርሰውም።

ጀጎል ውስጥ ባህላዊውን የሐረሪ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። አብዛኞቹ አልጋ ባትይዙም እራት ቀድማችሁ ካዘዛችሁ ያዘጋጁላችኋል። ግን ሜኑ ዘርግተው አይጠብቋችሁም፤ ቤት ነው። ሥጋው የሚገዛው ጠዋት ነው፣ አብሹ የሚዘፈዘፈው ቀድሞ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ በር አንኳኩቶ «ምን አላችሁ?» ማለት እናትየውን ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ድረስ ደውሉ ወይም በእግር ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ከምሳ በኋላ ባትደውሉ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ በዚህ አገር የበርጫ ሰዓት ነው፤ ስልክ ቢነሳ እንኳ ጉዳይ አያልቅም።

ስትደውሉ ምን ትላላችሁ? መጀመሪያ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ስንቱ ልጅ እንደሆነ። ቀጥሎ ሰዓቱን። «ከጅቡ መልስ እንመጣለን» ካላችሁ ይገባቸዋል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ምግቡን። ሁልባት መረቅ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ አብሽ ያለበት የሥጋ መረቅ ነው፣ የሐረሪ ማዕድ ዋናው ነው እላለሁ። ሩዝ በሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ሰላጣ አብረው ይመጣሉ። ከተቻለ ለመጨረሻ ቁጢ እዘዙ፤ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተት የሚጠጣ ነው። ሐረር ድረስ መጥቶ ቡናውን ብቻ ጠጥቶ ቅጠሉን ሳይቀምሱ መሄድ ያሳዝናል።

አሁን እኛ አገር መነጋገር ያለብን ነገር አለ። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፣ ሥጋውም በዚያው ሥርዓት የታረደ ነው። ከመካከላችሁ ይህን የማይበላ ካለ ማዕድ ላይ ደርሶ ከሚሽኮረመም ጠዋት ይነገር። አስተናጋጆቹ ቅር አይላቸውም፤ ሐረር ሁሉም ጎን ለጎን የኖረባት ከተማ ናት፣ ጥያቄው አዲስ አይሆንባቸውም። አትክልት፣ ምስር፣ ሩዝ ያለ ሥጋ ይሠራሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለም እንዲሁ፤ «ቅቤም ወተትም አይግባበት» ብላችሁ ዘርዝሩ፣ «የጾም» ብቻ ማለት አይበቃም። ከቡድናችሁ ግማሹ የማይበላ ከሆነ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሁለት ዓይነት ምግብ አዝዞ አብሮ መብላት ይሻላል። የምሽቱ ደስታ አብሮ መቁረስ ላይ ነው።

ቢራ እዚያ ቤት አትጠይቁ። ለስላሳ ወይም አልኮል የሌለው ሐረር ሶፊ በቂ ነው። ቢራ የፈለገ በኋላ ሆቴሉ ይጠጣል።

ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተስማሙ፤ በሰው ነው ወይስ በማዕድ፣ ቁጢውና ቡናው ይጨምራል ወይስ አይጨምርም። ቀብድ ከጠየቁ ስጡ፤ በእናንተ ስም ሥጋ ሊገዙ ነው።

ብዛት ካላችሁ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ጉዞ ወይም የቤተሰብ ጉባኤ ከሆነ፣ የሐረሪ ዘፈንና ጭፈራ በከበሮ እንዲዘጋጅ ማነጋገር ይቻላል። ይህ ግን በአንድ ቀን አይሆንም፤ ቢያንስ ጥቂት ቀናት ስጧቸው።

4. ትርኢቱን ያዙ

የጅብ ትርኢት በታወቀ ሁኔታ ሲካሄድ የኖረው ከግንቡ ውጭ በፈላና በርና በሰንጋ በር አቅጣጫ ነው። የዕለቱን ቦታና ሰዓት ከማረፊያችሁ ወይም መታወቂያ ካለው አስጎብኚ አረጋግጡ። በር ላይ ከሚከተላችሁ ልጅ አትጀምሩ። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ማታ ላይ «ያልኩት ዋጋ ይሄ አልነበረም» የሚባለው ክርክር ከዚያ ስለሚመጣ ነው።

ሦስት ክፍያ እንዳለ እወቁ፦ ለሚያበላው ሰው፣ ለአስጎብኚው፣ ለባጃጁ። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ። ቪዲዮ ካሜራ ከያዛችሁ ተጨማሪ እንዳለው እንደሌለው አጣሩ። ባጃጁን «አድርሰኝ» ሳይሆን «አድርሰህ ጠብቀህ እራት ቤት ታደርሰናለህ» ብላችሁ ተዋዋሉት፤ ሲጨልም ከዚያ አካባቢ ሌላ ባጃጅ መፈለግ አይመችም። ዝርዝር ብር ያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የሚያድነው ኪስ ያለው ብር ነው።

5. ከሰዓት በኋላ፦ እግራችሁን አሙቁ፣ ሆዳችሁን ሸንግሉ

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጀጎልን ዙሩ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በቀለም ያበደ ነው። ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ተነስታችሁ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ብትወርዱ የልብስ ሰፊዎቹን የስፌት መኪና ድምፅ እየሰማችሁ ትሄዳላችሁ። ግንቡን ስታዩ ከግርጌው ያሉትን ቀዳዳዎች ልብ በሉ። ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ናቸው። ከተማዋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ስትታጠር ለሰው በሮች ተሠሩላት፤ ለጅብም መግቢያ አልጠፋም። ማታ የምታዩት ትርኢት ከየት እንደመጣ የሚገባችሁ እዚያ ቀዳዳ ፊት ስትቆሙ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፈረስ መጋላ አካባቢ ትኩስ ሳምቡሳና ሻይ በቅመም ያዙ። የግመል ሥጋ ሳምቡሳ ካገኛችሁ አትለፉት። ይህች መክሰስ በተለይ ልጆች ካሉ ግዴታ ናት። እራቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ የራበው ልጅ ጅብ ሲያይ ይፈራል፣ የጠገበ ልጅ ይስቃል። ትልቁም ያው ነው። ግን አትጥገቡ፤ አንድ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሁለት። ማዕዱ ይጠብቃችኋል።

6. ትርኢቱ

በዓመቱ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ገደማ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። እናንተ ሲጨልም፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ሁኑ። ቀድሞ የመጣ ጥሩ ቦታ ያገኛል፣ ከዚያም በላይ ዝምታውን ያገኛል። መኪናዎች ሲበዙ ጫጫታው ያደነቁራል።

የሚያበላው ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሥጋው በቅርጫት ወይም በከረጢት አጠገቡ ነው። ስማቸውን እየጠራ ይጣራል። መጀመሪያ የምታዩት ዓይን ነው፤ መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ የሚያበራ ዓይን። ከዚያ ያ ዝቅ ያለ ጀርባና ከፍ ያለ ትከሻ ከጨለማው ይወጣል። ሥጋው በአጭር እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዴ ሰውየው እንጨቱን በጥርሱ ይይዘዋል። ጅቡ አንገቱን አስግጎ፣ ከንፈሩን ብቻ ዘርግቶ ይወስዳል። የሚገርመው ጥንቃቄው ነው። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ያለው እንስሳ አንዲት ጣት የምታህል ሥጋ ሲቀበል እንጨቱን እንኳ አይቀነጥስም።

ማን ቀድሞ እንደሚበላ ተመልከቱ። እነዚህ ነጠብጣባማ ጅቦች ናቸው፤ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ የምትመራውም እሷ ናት። ፊት ለፊት ቆማ ሌላውን በትከሻዋ የምትገፋው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ይህን አውቆ ያየ ሰው ትርኢቱን በእጥፍ ያየዋል።

ከዚያ ተራው የእናንተ ነው። ማብላት የፈለገ ይጠራል። ሲጠሯችሁ፦

ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አትሩጡ፣ አትጩኹ። የያዛችሁት ምግብ ካለ ባጃጁ ውስጥ ተዉት። ሻርፕና ነጠላ የሚንጠለጠል ከሆነ ሰብስቡት። ሰውየው የሚላችሁን ብቻ አድርጉ፤ ተቀመጡ ካለ ተቀመጡ፣ እንጨቱን በዚህ ያዙ ካለ በዚያው ያዙ። ሥጋውን ከትከሻችሁ በላይ ከያዘው ጅቡ የፊት እግሮቹን ጀርባችሁ ላይ ያሳርፋል። ከባድ ነው፤ ትንፋሹ ጆሯችሁ ሥር ይሰማል። አትዙሩ። ጅቡን ለመደባበስ አትሞክሩ።

ፎቶ ከሆነ ፍላሽ አጥፉ። ቦታው ላይ ባለው መብራት ይበቃል፤ ካልበቃም አንድ ሰው የስልክ መብራቱን ከጎን ያብራ፣ ዓይናቸው ላይ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ለሁሉም ያንሳ፤ ሌላው በዓይኑ ይይ።

ልጅ ካላችሁ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ታቅፎ ከኋላ ይይ። ፈልጎ ከጠየቀ ብቻ ቅረቡ። ያለቀሰን ልጅ «አይዞህ፣ ምንም አይልህም» እያሉ መጎተት ነውር ነው። ለትልቅ ሰውም ቢሆን ማየት ብቻውን በቂ ነው፤ ማንም ማብላት የለበትም።

ትርኢቱ ረጅም አይደለም። ግማሽ ሰዓት፣ ቢረዝም አንድ ሰዓት ነው። እራቱን ከዚህ በኋላ ያደረግነው ለዚህ ነው። አስቀድሞ ቢበላ ግማሹ ሰው ሰዓት እያየ ይጎርስ ነበር። አሁን ግን ማንም የሚቸኩልበት ነገር የለም፤ ሁሉም የሚያወራው ነገር ይዞ ወደ ማዕዱ ይሄዳል። ሒሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ዝጉ። ደስ ካሰኛችሁ ጉርሻ ጨምሩ፤ የሰውየው ሥራ ቀልድ አይደለም፣ ሥጋውንም የሚገዛው እሱ ነው።

7. እራቱ

ባጃጁ በጀጎል በር ገብቶ መንገዱ እስከቻለው ያደርሳችኋል። ከዚያ በእግር ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልካችሁ ባትሪ ይኑረው፤ ትርኢቱ ላይ በቪዲዮ አትጨርሱት።

በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ቀዳዳ ያለው ካልሲ አታድርጉ። ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ እጅ ታጠቡ፣ ሥጋ ይዛችኋል።

ከዚያ ቤቱን እዩት። ወለሉ ቀይ ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ፣ በምንጣፍና በትራስ የተሸፈኑ። ግድግዳው ላይ በቀለም ያሸበረቁ የስፌት ሥራዎችና ሳህኖች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ ነደባ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው፤ አባወራው የሚቀመጥበት አለ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አለ። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ደስ ባላችሁ ቦታ አትቀመጡ። «የት እንቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ አንዲት ጥያቄ ቤቱን ትከፍትላችኋለች። የቤቱ እመቤት እያንዳንዱ መደብ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ስፌት ከእናቷ እንደመጣ፣ የትኛው ለሠርጓ እንደተሰጣት ትነግራችኋለች። ይህን የትም ሙዚየም እንደዚህ አያወራላችሁም።

ማዕዱ ሲቀርብ በቀኝ እጅ ነው። መጀመሪያ መረቁን ትኩሱን ቅመሱት። ከገበታው ላይ ስለ ጅቡ ይወራል፣ ይወራ። ሽማግሌ ካለ ስለ ጅብና ስለ ጂኒ ጠይቁ፤ ጅብ ሌሊት ወደ ከተማ ገብቶ ጂኒ ይበላል የሚለውን እምነት ከራሳቸው አፍ መስማት ሌላ ነው። ቤተሰቡን ፎቶ ለማንሳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፤ በተለይ ሴቶቹን።

ቁጢው ወይም ቡናው ሲመጣ አትነሱ። አንድ ስኒ ቀምሶ «በቃ እንሂድ» ማለት ያስቀይማል። አቦ፣ ምን ያስቸኩላል?

8. መመለስ

አራት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ብትነሱ ለእናንተም ለቤቱም ይመቻል። ከመውጣታችሁ በፊት ባጃጁ መኖሩን በስልክ አረጋግጡ። በጠባቡ መንገድ ወደ በሩ ስትሄዱ ጅብ ብታዩ አትደንግጡ፤ በዚህ ሰዓት መንገዱ የእነሱም ነው፣ ትርፍራፊ ፍለጋ ነው የሚዞሩት። ቁሙና አሳልፏቸው። ልጆችን መሐል አድርጉ፣ ከማዕዱ የተጠቀለለላችሁ ሥጋ ካለ ደግሞ ትልቅ ሰው ይያዘው፣ ወይም እዚያው ቤት ይቅር።

በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ የምትወርዱ ከሆነ ከሐረር መናኸሪያ ሚኒባስ ከንጋት ጀምሮ አለ። አውሮፕላን ወይም ባቡር ያለው ሰው ግን በጊዜ ይነሳ፤ ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነቃነቅም።